ደብረ ሊባኖስ ያለው «የፖርቱጋል ድልድይ»፦ ራስ ዳርጌ ያሠሩትን ለምን በሌላ ስም እንጠራዋለን?

የሰባ ደረጃ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈው። ግን ከውስጤ አልወጣ ስላለ ልጽፈው ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። አሁን 71 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ እምቢ ስላለው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። የምንኖረው ፒያሳ፣ ሰባ ደረጃ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የደብረ ሊባኖሱን ድንጋይ ድልድይ ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገና «ይሄንንስ ሳላየው መሞት የለብኝም» አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው አይደለም። አባዬ ሰርግ እንኳን ሲጠራ «እስቲ እናያለን» ነው የሚለው።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጣን። ከአዲሱ ገበያ ተሳፈርን። እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ስንደርስ ብርዱ ጋቢ ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ላም፣ ሣር፣ የሣር ክምር። ሜዳው የማያልቅ ሲመስልህ ድንገት ይቆረጣል። ከእግርህ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል። ሁሉም ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል።

ድልድዩ ያለው እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ትንሿ ወንዝ በቅስቶቹ ሥር ታልፍና ጥቂት እንደሄደች ከገደሉ ትወረወራለች። የመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ፎቶ ይነሳል። አባዬ ግን ገደሉን አላየውም። ቀስ ብሎ በጎን ወረደ፣ እኔ ክንዱን ይዤዋለሁ። ቅስቱ ሥር ገብቶ ቆመ። መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። በአውራ ጣቱ ጥፍር በሁለት ድንጋዮች መሃል ያለውን ነጣ ያለ መስመር ጫር፣ ጫር አደረገ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ቱንቢ! ያን የድሮ ቱንቢውን፣ ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን፣ ክሩ በክብሪት እንጨት ላይ የተጠመጠመውን። ለካ ከቤት ሲወጣ ይዞት ነበር።

ክሩን ለቀቀው። ነፋሱ እስኪተወው ጠበቀ። ቱንቢው ዞሮ ዞሮ ሲቆም የድልድዩን እግር በዓይኑ ለካው። «ቀጥ ያለ ነው» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እዚያ ያገኘነው ልጅ «ፖርቱጋሎች ከ500 ዓመት በፊት በሰጎን እንቁላል የሠሩት ነው» አለን። አመንኩት። ማታ ቤት ስገባ ፎቶውን ከዚሁ ጽሑፍ ጋር ለጠፍኩት። አንዲት ጓደኛዬ «የኔ ቆንጆ፣ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ» ብላ ጻፈችልኝ። አጣርቼ እውነቷን ሆኖ አገኘሁት። አፈርኩ። ለአባዬ ስነግረው ዝም አለ፣ ቆይቶ «እና የኛ ሰው ነዋ የጠረበው» አለ።

አባዬ አርባ ዓመት ገነባ። አንድም ግንብ ላይ ስሙ የለም። እሱም ጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ያን ማታ ከነከነኝ። የራሳችን ሰዎች የጠረቡትን ድንጋይ ለምንድነው ሌላ ሰው ሠራው የምንለው? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ጡረተኛው መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02)

ልጄ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጓደኛሽ ልክ ናት። ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ናቸው። ሰላሌን ያስተዳደሩት ፍቼ ተቀምጠው ነው። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ በግዛታቸው ውስጥ ያለ ትልቅ ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት። ተሳላሚው፣ ነጋዴው፣ መልእክተኛው በክረምት ወንዝ ሞልቶ እንዳይቀር ድልድይ ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

ፖርቱጋሎቹን በተመለከተ ዘመኑን ብቻ ማስላት ይበቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1541 በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ መሪነት 400 የሚሆኑ ወታደሮች ከምጽዋ ተነስተው ወደ መሃል አገር ገቡ፤ ግራኝ አሕመድን ለመውጋት። ከእነሱ በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ደግሞ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1630ዎቹ ተባረሩ። ከዚያ እስከ ራስ ዳርጌ ከ200 ዓመት በላይ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን መሃል ፖርቱጋላዊ ግንበኛ ከየት ይመጣል?

ስሙ እንዴት እንደተለጠፈ ግን አይገርመኝም። በአገራችን የድንጋይ ቅስትና ኖራ ያለበት ድልድይ የታየ እንደሆነ «የፖርቱጋል» ማለት ልማድ ነው። ልማዱ መነሻ አለው። የዓባዩ ድልድይ፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው አላታ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 ነው የተሠራው፤ ያኔ ኢየሱሳውያኑ በቤተ መንግሥቱ ነበሩ። እሱን «የፖርቱጋል ዘመን» ብትይው ያስኬዳል። የእሱ ስም ነው ሁሉም ላይ የተጣበቀው።

---

ጣና ዳር ያደግኩ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ጋሼ እንዳሉት ነው። አሁን አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ አላታ ድልድይን ግን እንደ ሰፈሬ ነው የማውቀው። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው የእግር መንገድ በላዩ ነው የሚያልፈው። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ዓባይ ከሱ በታች በጠባብ ጥቁር ድንጋይ መሃል ይጠብና ድልድዩ እዚያ ላይ ነው ያለው። በቃ፣ ቦታውን የመረጠው ሰው ወንዙን ያወቀ ነው። ሰፊውን ዓባይ ትቶ በጣም የጠበበበትን ፈለገ።

ገበያ ቀን ብትሄዱ ታሪኩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አህያ ጭኖ፣ ዶሮ ታቅፎ፣ ነጠላ አጣፍቶ ሕዝቡ ይሻገራል። ወደ 400 ዓመት የሚጠጋው ድልድይ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ሰባራ ድልድይን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ዓባይ ላይ ነው፣ ወደ ታች። የአፄ ፋሲል ነው ይባላል። ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ፈረሰ፣ ስሙም ሰባራ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው ለረጅም ዘመን በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። ማዶና ማዶ ቆመው ገመዱን ሲስቡ፣ መሃል ላይ የተንጠለጠለው ሰው ከሥሩ ዓባይ ሲያጉረመርም አስቡት። አንድ ቅስት ጎደለ ማለት ይሄ ነው። ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ልጁን የሚድር፣ በግ የሚሸጥ ሁሉ ገመድ ላይ ይንጠለጠል ነበር።

---

ካዛንቺስ 77 (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15)

እኔ እንኳን ትንሽ ልለይ። ስሙ ምን ይጎዳል? ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ብሎ ነው የሚፈልገው፣ ካርታ ላይም እንደዚያ ነው ያለው። የውጭ ቱሪስት የሚመጣውም በዚሁ ስም ነው። የአካባቢው ልጆች ከሱ እንጀራ ይበላሉ። ደግሞ ቅስትና ኖራውን ያመጡት ከውጭ የመጡ ሰዎች ከሆኑ የነሱ ስም ቢነሳ ነውር የለውም። ከልቤ ነው የምጠይቀው።

---

የሰባ ደረጃ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31)

ካዛንቺስ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከውጭ ሰው መማራችንን መካድ አልፈልግም። ለአላታው «የፖርቱጋል» ቢባል ምንም አልልም። የደብረ ሊባኖሱ ግን ሌላ ድልድይ፣ ሌላ ዘመን ነው። የኔ ቅሬታ አንድ ናት፦ «የፖርቱጋል» ስንል አሠሪው ራስ ዳርጌም፣ ድንጋዩን የተሸከመው፣ የጠረበው፣ የደረደረው ሰውም አብሮ ይጠፋል። ልጁ ለኛ ሲያወራ በጣም ኮርቶ ነው ያወራው። የሚኮራው ግን በፖርቱጋሎች ነው። ምናልባት ቅድመ አያቱ ናቸው እኮ ድንጋዩን የተሸከሙት። ያቺ ነገር ናት ያሳዘነችኝ።

---

ግንብና ኖራ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

እንደምን አደራችሁ። እኔም የሙያው ሰው ነኝ፤ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ጥገና ላይ ነው የምሠራው። እህቴ፣ አባትሽ ቱንቢ ይዞ መሄዱን ሳነብ ደስ አለኝ። ጋሼ ምን እንዳዩ ላስረዳ ልሞክር።

ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል። ሲጎትቱት ይሰበራል። ለዚህ ነው ረጅም ድንጋይ ከዳር ዳር አጋድመህ ድልድይ የማይሆነው፤ መሃሉ ይጎብጥና ሆዱ ይተረተራል። ቅስት ይሄንን ነገር ይፈታዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ እንደ ሽብልቅ ነው የሚጠረበው፦ ላዩ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ይላል። ከላይ ሸክም ሲመጣ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አህያው በከበደ ቁጥር ቅስቱ ይበልጥ ይጠብቃል።

ሲሠራ መጀመሪያ ከሥር በእንጨት የቅስቱ ቅርጽ ይቆማል። ከሁለቱም ዳር እኩል እየተደረደረ ይመጣል። በአንድ ወገን ከቀደምክ እንጨቱ ይዘምማል፣ ሁሉም ይበላሻል። በመጨረሻ መሃል ላይ አንድ ክፍት ቦታ ይቀራል። እዚያ የምትገባዋ ድንጋይ ናት ሁለቱን ወገን የምትቆልፈው። እሷ እስክትገባ ቅስቱ በራሱ መቆም አይችልም። ከገባች በኋላ እንጨቱ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል። በዚያ ሰዓት ማንም አይናገርም። እኔ ትንሽ የበር ቅስት ላይ እንኳን ስንት ጊዜ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ። እዚያ አፋፍ ላይ፣ ከሥር ገደል እያለ፣ የዚያን ቀን የቆሙትን ሰዎች አስቡ።

ቅስቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚገፋው፣ ወደ ጎንም ይገፋል። ስለዚህ ዳርና ዳር ያለው እግር አለት ላይ መትከል አለበት። አባትሽ እግሩን በቱንቢ የለኩት በዚህ ምክንያት ነው። እግሩ ትንሽ ቢዘምም ቅስቱ ይከፈታል፣ መሃሏ ድንጋይ ትወርዳለች። ከመቶ ዓመት በላይ ስንት ክረምት መትቶት ቱንቢው ቀጥ ካለ፣ መሠረቱን የቆፈረው ሰው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

---

አራት ኪሎ ቡና (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05)

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። የሰጎን እንቁላሉ ነገርስ? ልጅ ሆነን ጀምሮ የምንሰማው ነው።

---

ግንብና ኖራ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50)

ምሳ ሰዓት ስለሆነ በደንብ ልመልስ።

ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። ወደ 900 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የተቃጠለው ላይ ውሃ ሲፈስበት ይንተከተካል፣ ይፈላል፣ ነጭ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ድንጋይ መሃል ሲገባ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በዓመታት ነው የሚጠነክረው።

አሁን እንቁላሉን ያዙ። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። ብታቃጥለው ኖራ ይወጣዋል። ስለዚህ ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። ግን አስሉት፦ ለአንድ ድልድይ የሚሆን ኖራ ለማግኘት ስንት ሺህ ሰጎን ያስፈልጋል? እዚያው ከድልድዩ በታች ወደ ዓባይና ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ የኖራ ድንጋይ በሽ በሽ ነው። የሙገር ሲሚንቶም እዚያ አገር የተተከለው በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ትንሽ ቅርፊት ለበረከት ጨምረው ሊሆን ይችላል፤ የሰጎን እንቁላል በቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት መስቀል ላይ ያለው ክብር ይታወቃልና። ሸክሙን የተሸከመው ግን የኖራ ድንጋይ ነው ብዬ ነው የማምነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሲሚንቶ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ ተናገሩ። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ውሃም አያስተነፍስም። ኖራው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ውሃውን ውስጥ ያፍነውና ድንጋዩ ከዳሩ መሰንጠቅ ይጀምራል። ለማሳመር ብለው የገደሉት ግንብ ብዙ አይቻለሁ። በስንጥቁ የሚበቅል ቁጥቋጦም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ከድጅኖ አያንስም።

---

ሰላሌ ተወልጄ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ከዚያ ድልድይ ብዙም ሳልርቅ ነው። አሁን ፒያሳ ነው ሥራዬ። እኛ ቤት በኦሮምኛ «ሪቂቻ» ነው የምንለው፣ ድልድይ ማለት ነው። አያቴ ፖርቱጋል የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ድልድዩ ለኛ ጭድ የሚሻገርበት፣ እንጨት የሚሻገርበት፣ ዘመድ የሚጠየቅበት ነበር። ቅርስ መሆኑን የሰማሁት አስጎብኚ ሲያወራ ነው።

ልጁን አትቀየሙት። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው ብዬ አውርቻለሁ። የሰማነውን ነው የምንናገረው። ትክክለኛውን የነገረን ሰው አልነበረም።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ልበል። ነሐሴ ላይ ውሃው ልዩ ነው፣ ግን አፋፉ ያዳልጣል፣ ጉሙም ገደሉን ይሸፍነዋል። የኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። አደይ አበባው፣ ያልደረቀው ፏፏቴ፣ የጠራው ሰማይ ሁሉም አብሮ ይገኛል። ጠዋት በጊዜ ከደረሳችሁ ጭላዳዎቹን ከገደሉ ሲወጡ ታገኟቸዋላችሁ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይግጣሉ። ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አላቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። እባካችሁ ብስኩት አትስጧቸው፤ ከለመዱ ሰው ላይ ይዘላሉ። የሰላሌ እርጎ ሳትቀምሱም እንዳትመለሱ።

መንገዱን በተመለከተ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ሰላም መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ በቀን ወጥታችሁ በቀን ግቡ።

---

ጡረተኛው መምህር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45)

የሰላሌው ልጅ፣ እጅግ ጥሩ ተናገርክ። እኔ አንድ ልጨምር። ድልድዩን ያየ ሰው ገዳሙን ሳይሳለም አይመለስ። ከድልድዩ ብዙ አይርቅም፣ ወደ ሸለቆው ወረድ ብሎ ነው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም በዓል ሰሞን የፋሺስት ጦር መነኮሳቱንና ተሳላሚውን ሰብስቦ ወስዶ የፈጀው ከዚያ ነው። ትእዛዙን የሰጠው ግራዚያኒ ነው፤ የካቲት 12 እዚህ አዲስ አበባ ከተጣለበት ቦምብ በኋላ። ስድስት ኪሎ ያለውን ሐውልት በየቀኑ እናልፈዋለን። የታሪኩ ግማሽ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ያ ድልድይ ባለበት አፋፍ አጠገብ ነው። አሁን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በመስኮቶቹ ላይ ያለው የመስታወት ሥዕል የአፈወርቅ ተክሌ ነው።

---

ካዛንቺስ 77 (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ጋሼ፣ ስለ ገዳሙ ይህን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ስለ ስሙ ትናንት ያልኩትን አሰብኩበት። ሰው እንዲያገኘው የቀድሞው ስም ይቅር አልልም። ግን እዚያ ቦታ አንድ ጽሑፍ መኖር አለበት፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ልጆቹ ሊያነቡት የሚችሉት። «ያሠሩት ራስ ዳርጌ፣ የገነቡት የዚህ አገር ሰዎች» ብሎ የሚጀምር።

---

የሰባ ደረጃ ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡05)

የጻፋችሁትን ሁሉ ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የግንብና ኖራን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ነው ያስነበበኝ። «መሃሏ ድንጋይ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝና «ልክ ነው፣ ማንም አይናገርም» አለ።

ከዚያ ጫማውን አድርጎ «እንውጣ» አለኝ። ሰባ ደረጃን ወርደን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምን። እኔ በዚህ ድልድይ ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ፣ ዳቦ ገዝቻለሁ፣ ታክሲ ጠብቄያለሁ። አንድም ቀን አንገቴን ዘንበል አድርጌ ከሥሩ ያለውን አይቼ አላውቅም። አባዬ ግን መከታውን እየዳሰሰ ሄደ። መኪናው ያልፋል፣ ሰው ይጋፋናል። እሱ ድንጋይ ይዳስሳል።

«አባዬ፣ ማን እንደሠራው ታውቃለህ?» አልኩት።

«ስሙን አላውቅም። እጁን ግን አውቀዋለሁ» አለኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ ደብረ ሊባኖስ እንመለሳለን። ግንብና ኖራ፣ አባዬ አብረኸን ብትሄድ ደስ ይለዋል፤ ስለ ኖራው ማቃጠያ የሚጠይቅህ ነገር አለው። ሰላሌ፣ አንተ ለዚያ ልጅ ራስ ዳርጌ ማን እንደነበሩ በቋንቋው ትነግርልናለህ። መንገዱን አንተ አጣርተህ ቀኑን ወስንልን። ጋሼ፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ ቦታ እንይዝልዎታለን።

መነሻ አራት ኪሎ፣ ጠዋት 12 ሰዓት። እስካሁን አምስት ነን።

---

ግንብና ኖራ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡22)

ስድስት በሉ። ውሃ ልኬን ይዤ እመጣለሁ።